መብራት የሌለው ልብስ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ሥራ እንደወትሮው። አንድ አዛውንት መነጽር ቤቱ ያለውን ፍሬም ሁሉ ሞክረው ሞክረው፣ መጨረሻ ላይ “የድሮውን ጥረጊልኝ” ብለው ሄዱ። ባለሱቋ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። እኔ ምን ላድርግ?

ወደ ቤት በሞተር። የኔ የምላት ሰዓት ያቺ መንገድ ብቻ ናት። ሄልሜት ውስጥ ማንም አይጠራኝም።

ቤት ስገባ ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ ጠራኝ። “ፌንጣ! ነይ እስቲ።” በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ልጅ ሆኜ ከመዝለል አላርፍ ስል ያወጣልኝ ነው። ደነገጥኩ። የሞተር ውድድር ትራክ ላይ ከወደቀ ወዲህ፣ ግራ እጁ አልጨብጥ ካለ ወዲህ፣ ማንንም አይጠራም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ነው ሥራው። ሐኪሙ “ሞተር የሚባል ነገር እርሳ” ብሎታል።

ስልኩን ዘረጋልኝ። የሞተር ልብስ ፎቶ… ሞተሯን ከፊትና ከጎን የሚሸፍነውን ነገር ልብስ ነው የሚለው።

“ሞተርሽን ለትራክ እናዘጋጃት። እኔ ባልችል አንቺ ትወዳደሪያለሽ።”

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። እማዬ በሩ ላይ ቆማለች፣ ዓይኗ ይለምናል።

“እስቲ እናያለን” አልኩ። እኛ ቤት “እናያለን” ማለት እሺ ማለት መሆኑን ረስቼ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

እማዬ ኩሽና ውስጥ ያዘችኝ። “ትላንት እራቱን ጨረሰ” አለች ሹክ ብላ። “ሳህኑን አየሽው? እባክሽ የኔ ልጅ፣ እሺ በይው። ምን ይጎድልብሻል?”

ምን ይጎድልብኛል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ልብስ መረጣ። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን። ጋሼ እንዲህ አፉ ተፈቶ ሲያወራ ከሰማሁት ቆየሁ።

ካርቦን… ቀላል ነው፣ ያምራል፣ ግን አንዴ ከተሰነጠቀ መጠገኑ ጣጣ ነው አለ። ፋብሪካ የሠራው ፕላስቲክ፣ መያዣ ጆሮዎቹ በትንሽ ግጭት ይሰበራሉ። ፋይበር መልከ ጥፉ ነው፣ ግን ሲቀደድ ይለጠፋል። “እንደ ድሮ ሱሪ! ስትወድቂ ማታ ለጥፈን፣ ጠዋት ትወጫለሽ።”

ስትወድቂ። ብትወድቂ እንኳ አላለም።

የሞተሯ ሆድ ስር ያለው ደግሞ ዝግ መሆን አለበት። ዘይት ብታፈስ እዚያው እንዲቀር፣ ከኋላ የሚመጣውን እንዳያንሸራትተው። ይሁን። ግን ፎቶውን ባየው ባየው የፊት ገጹ ድፍን ነው።

“መብራቱስ የት ይገባል?”

“ትራክ ላይ መብራት ምን ይሠራል? ፍሬቻ የለ፣ ስፖኪዮ የለ፣ ታርጋ የለ። ሁሉም ይነቀላል።”

“ሥራ በምን ልሂድ ታዲያ?”

“በአውቶቡስ ነዋ! ሰው አይደለሽ?”

እማዬ ከሳሎን ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ… እኔም አብሬ ሳቅኩ። ፋይበሩን አዘዝነው። መረጥን ልበል? እሱ መረጠ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ሞተሯ ጋራዥ ገባች። አውቶቡስ ጀመርኩ። የሰው ክርን ጎኔ ውስጥ፣ የሰው ስልክ ጆሮዬ ውስጥ። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት። ለመተንፈስም ወረፋ…

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ከጋሼ ጋር ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ የድሮ ጓደኛው ነው። ሰውነቱ ቀጭን፣ ጭንቅላቱ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም “ብሎን” ይለዋል። ሞተሬን አወላልቋታል። ሽቦዋ ተንጠልጥሎ የተላጠች ዶሮ መሰለችኝ። አዲሱ ፋይበር ነጭ፣ ቀለም ያልነካው፣ ቀዳዳ እንኳ የለውም። ብሎን ያስጠጋል፣ ምልክት ያደርጋል፣ በትራፓኖ ይበሳል፣ እንደገና ይሞርዳል።

“ውጪባት እስቲ” አለኝ።

ወጣሁ። ወንበሩ በወፍራም ስፖንጅ ከፍ ብሏል፣ ወደ ኋላም ረዝሟል። መሪው ላይ ለመድረስ የነዳጅ ሰልባቲዮው ላይ በደረቴ ተዘረጋሁ። እግሬ መሬት አልነካም።

“ይሄ በማን ልክ ነው የታዘዘው?” አለ ብሎን።

“ታድጋለች” አለ ጋሼ። ሁለቱም ሳቁ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፣ የት ነው የማድገው?

ብሎን ቀጠለ። “ያ ያለ ፍሪሲዮን ማርሽ የሚያስገባው ዕቃም ደርሷል።”

ጋሼ በዓይኑ ጠቀሰው። አየሁት።

ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮን የሚያዘው በግራ እጅ ነው። የኔ ግራ እጅ ምን ሆነ?

እሑድ፣ ኅዳር 23

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወንበሩ በእሱ ልክ። ማርሹ ለእሱ እጅ። ሊነዳት የፈለገው ራሱ ነው! እኔ የእማዬን ዓይን የምሸፍንለት… ለካ ልብሱ እኔ ነኝ።

ለእማዬ ብነግራት ትሞትብኛለች። ዝም ብል እሱ ይሞታል። እኔው ልወዳደርና ይብቃ? መውደቅ እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት። እፈራለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

እማዬ ገበያ ወጣች። ክፍሉ ገባሁ።

“ጋሼ፣ ራስህ ልትነዳት ነው አይደል?”

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

“እጅህ አይጨብጥም እኮ!”

“አንድ ቀን ብቻ።” ፊቱ ወደ ግድግዳው። “እዚህ ክፍል ውስጥ እየታፈንኩ ነው፣ ፌንጣ። አንቺ አይገባሽም።”

“አይገባኝም?” ጮህኩበት። “አንተ ግድግዳ ታያለህ። እኔ አንተን አያለሁ፣ እማዬን አያለሁ፣ ሱቁን አያለሁ። የምተነፍሰው ሞተሬ ላይ ነበር። እሷንም ወሰድክብኝ!”

ዞሮ አየኝ። “ለምን እሺ አልሽኝ ታዲያ?”

“ስለበላህ!” አልኩት። “እራትህን ስለበላህ።”

የውጪው በር ተንኳኳ። ሄጄ የእማዬን ዘንቢል ተቀበልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ከሥራ በቀጥታ ጋራዥ። ብቻዬን።

“የፋብሪካውን ልብስ መልስልኝ” አልኩት ብሎንን። “መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ ከኋላ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር።”

“ወንድምሽ ምን ይላል?”

“ሞተሯ የማን ናት?”

ጭንቅላቱን አከከ። “ያንቺ። እኔም እኮ ልቤ አልወደደውም ነበር። ግን እሱ ሲለምን እምቢ ማለት አልችልበትም።”

ማን ይችላል?

ዓርብ፣ ኅዳር 28

ለጋሼ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሳህኑ እንደሄደ ተመለሰ። እማዬ ሳህኑን አየች፣ ከዚያ እኔን። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ዛሬም ሳህኑ እንደሄደ ተመለሰ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

ሞተሯን ከጋራዥ አወጣኋት። ደጃፍ ስደርስ ጋሼ በረንዳ ላይ ቆሟል። የራሱን ሄልሜት አምጥቼ ዘረጋሁለት።

“ከኋላ? እኔ?”

“አንተ።”

ሄልሜቱን አገላብጦ አየው። ይመልስልኛል ብዬ ስጠብቅ አጠለቀው። በቀኝ እጁ ወገቤን ያዘ፣ ግራውን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ቀስ ብዬ ከከተማው ወጣሁ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ትንሽ ስጨምር ትከሻው ጀርባዬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። እየሳቀ መስሎኝ ነበር። ስንቆም ዓይኑ ቀልቷል። አልጠየቅኩትም።

ልንመለስ ስንሳፈር ግን፣ “ኩርባ ላይ ፍሬን ቶሎ ትይዣለሽ” አለኝ።

“ዝም በል፣ ተሳፋሪ።”

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7

ምሳ ላይ ጋሼ ራሱ ለእማዬ ነገራት። ወንበሩን፣ ማርሹን፣ ሁሉንም። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ትጮሃለች ብዬ ጆሮዬን ላዘጋጅ ስል ተነስታ ደረቱን መታችው። አንዴ፣ ደግማ። ከዚያ እዚያው ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

“ከእንግዲህ እሺ በይው እያልሽ አታስጨንቂያት” አላት። “ነገ ብሎን ጋ እሄዳለሁ። ፋይበሩን የሚፈልግ ሰው አለ፣ በልኩ እናስተካክልለታለን። ቀለም በአንድ እጅም ይቀባል።”

እማዬ ዓይኗን እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች። “አንቺስ? አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?”

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። ራሴ ውስጥ አንድ መልስ ፈለግኩ፣ ፈለግኩ…

“ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን መውጣት። የት እንደምሄድ ማንም ሳይጠይቀኝ።”

“የት?” አለች እማዬ።

ጋሼን በሳቅ ውሃው ትን አለው። እማዬ አፏን በእጇ ያዘች።