የመምህሬ እስትንፋስ

ጥቅምት 3

ልምምድ። ትራምፔቶቹ ዛሬም ቀድመው ገቡ። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ጨርሶ የመጣ ሰው እስከ አራት መቁጠር እንዴት ያቅተዋል? ባንዱን አስቁሜ ተናገርኩ። ተናግሬ ሳልጨርስ ሳሉ አነቀኝ።

ቱባ ነፊው ዝሆኔ ያንን ግዙፍ መሣሪያውን እንዳቀፈ፣ «አለቃ፣ ያንተም ሳል ቀድሞ ገባ» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መልስ ነበረኝ፤ ትንፋሽ አልነበረኝም።

ከሐምሌ ጀምሮ ነው። ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ግን ጉንፋን ክረምቱን ሙሉ ከርሞ ጥቅምት ይገባል? አክታው ወፍራም ነው። ደረቴ እንደ ፈላ ድስት ይንተከተካል።

ጥቅምት 6

አገሩ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። የታችኛዋ ጎረቤት፣ ዝንጅብል ከማር ጋር። የባንዱ ቢሮ ጸሐፊ፣ ነጭ ሽንኩርት በጥሬው። የባንዱ ሹፌር አክስት የሚሉት ነገርማ አይጻፍም። ዝሆኔ፣ «የምታስለው ስትቆጣ ነው፤ አትቆጣ፣ ትድናለህ።»

ባለቤቴ ብቻ ምክር አልሰጠችም። አንድ ትራስ ጨመረችልኝ። ከፍ ብዬ ስተኛ ይሻለኛል። ማሩንም ሞከርኩት። ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ደረት ድረስ አይወርድም።

ጥቅምት 11

የሰፈሩ ክሊኒክ። ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ሲጋራ?»

«በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም።»

«ያቁሙ» አለኝ፣ እየጻፈ።

ያቁሙ! የማላጨሰውን በየት በኩል ነው የማቆመው? አንቲባዮቲክ አዘዘ። እወስዳለሁ። የሰጠኝ ሰው ባይሰማም ክኒኑ ይሰማ ይሆናል።

ጥቅምት 20

ክኒኑ አለቀ። ሳሉ አላለቀም።

ይባስ ብሎ ቤት ውስጥ በተለማመድኩ ቁጥር፣ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ብርድ ብርድ ይለኛል። ድካም ይሆናል... በዓመቱ ትልቅ ኮንሰርት ላይ ብቻዬን የምነፋው ክፍል አለ። የመምህሬ ድርሰት፣ በመምህሬ ትሮምቦን። ዓምና ሊሞት ሲል ያወረሰኝ ነው። ከሱ በቀር ማንም በወጉ ያልነፋውን ረጅም የዜማ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አለብኝ።

ዛሬ መሀሉ ላይ ቆርጬ ተነፈስኩ። ተማሪዎቼን እዚያች ቦታ ላይ እንዳትተነፍሱ እያልኩ ያረጀሁ ሰውዬ።

ጥቅምት 24

የሳንባ ስፔሻሊስቷ ዘንድ። የልጄ እኩያ ናት። የደረቴን ፎቶ ሰቅላ በጣቷ ተከተለችው። 

«ምንድን ነው?»

«ደመና የመሰለ ነገር አለ። በሁለቱም በኩል።»

«ካንሰር?»

«እሱን አላልኩም። አክታውን እንይ። ቲቢ መኖር አለመኖሩን እንለይ።» ከዚያ ጥያቄ አዥጎደጎደች። እርግብ ያረባሉ? የላባ ትራስ አለዎት? የሻገተ ግድግዳ? ሥራ ቦታ አቧራ?

«ሥራዬ ሙዚቃ ነው፣ ዶክተር። የኔ መሣሪያ ውስጥ ከድምፅ በቀር ምንም የለም» አልኳት። የተራቀቅሁ መስሎኝ።

ቤት ስገባ ቁልፉ በሩ ውስጥ አልገባም አለኝ።  ባለቤቴ ከውስጥ ከፈተች። «ደመና አሉ» አልኳት። ጫማ ማስቀመጫው ላይ ቁጭ አለች።

ኅዳር 1

ቲቢ አይደለም። ታዲያ ምን? ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ቀጠሮ።

እስከዚያ እትዬ ዘንድ ልሄድ ነው። ዓይኗን ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል፤ ውሃ የሚያቀብላት ሰው የለም። በስልክ፣ «ና፣ ግን ያንን ቀንድህን ይዘህ እንዳትመጣ» አለችኝ። ታላቅ እህቴ ናት፤ መልስ አይሰጣትም። ትሮምቦኑ ቀረ።

ኅዳር 9

እትዬ ቤት። ዛሬ ከገበያ ስመለስ አስቤዛ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። አላለከለክኩም።

እትዬ ዓይኗ እንደታሸገ ከሶፋው ላይ፣ «አንተ፣ ማሳሉን ረሳኸው እንዴ?» አለች።

«ምን?»

«ስትመጣ እንቅልፍ ነስተኸኝ አልነበር? ትናንት ጸጥ ስትልብኝ ሞተ ብዬ ግድግዳውን ደበደብኩ። ‹እ?› ስትል ነው ነፍሴ የተመለሰችው።»

ደነገጥኩ። ሰው ሲሻለው ይደነግጣል? ግን ምን ተገኘ? መድኃኒት አልወስድም። የእትዬ ወጥ ጨው የለውም፤ ያ መድኃኒት ከሆነ ይቅርብኝ። አየሩም አይደለም። መስኮቷ ሥር የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው፤ መጋረጃዋ በጭስ ጠቁሯል።

ኅዳር 16

ቤቴ ገባሁ። ሻንጣውን ሳልፈታ ትሮምቦኑን አወጣሁ። ረጅሙን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ! ባለቤቴ በሳሙና እጇ ከማድ ቤት ብቅ ብላ አጨበጨበች።

ኅዳር 17

ሳል። ብርድ ብርድ። እንደነበርኩ ሆንኩ... ምን በድዬ ነው?

ኅዳር 19

ሐኪሟ ዘንድ፣ ከባለቤቴ ጋር። የእትዬን ቤት ነገርኳት።

«እዚህ ያለ፣ እዚያ ያልነበረ ነገር ምንድን ነው?»

አሰብኩ። ምንጣፍ፣ ትራስ...

«ትሮምቦኑ» አለች ባለቤቴ።

ሳቅኩ። ሐኪሟ አልሳቀችም።

«መቼ ነው የታጠበው?»

«በየቀኑ ይወለወላል።»

«ውስጡ?»

«ውስጡ አይታጠብም።»

«አይታጠብም ማለት?»

እኛ ያደግንበት ነው። መምህሬ፣ ውስጡ የታጠበ ነሐስ ድምፁ ይሞታል ይል ነበር። የዓመታት ትንፋሽ ቱቦውን ውስጥ ውስጡን ይለብሰዋል፤ ድምፁን የሚያበስለው እሱ ነው። ለተማሪዎቼም ይኼንኑ አስተምሬያለሁ። ትሮምቦኑን ሲሰጠኝ፣ «እስትንፋሴ ውስጡ አለ፤ እንዳታስወጣው» ነው ያለኝ። ይኼን ለሐኪሟ ስነግራት ድምፄ እያነሰ ሄደ።

«መንፋት የጀመሩት መቼ ነው?»

«ከቀብሩ በኋላ የትሮምቦኑን ሳጥን መክፈት አቃተኝ። ወራት ተዘግቶ ከረመ። በሰኔ ነው የከፈትኩት።»

«ሳሉስ መቼ ጀመረ?»

«በሐምሌ» አልኳት። ሆኖም እጄን አልሰጠሁም። «ትንፋሽ የሚሄደው ወደ ውጪ ነው! ከሱ ወደኔ የሚመጣ የለም።»

«አየር ሲስቡስ ከንፈርዎ የት ነው?»

እዚያው ነው። እዚያው መንፊያው ላይ ነው።

ኅዳር 20

ወሰድኩላት። ጓንት አጠለቀች። የመምህሬን ትሮምቦን ለመንካት ጓንት! ረጅም ጥጥ ቱቦው ውስጥ ሰድዳ አዞረችና አወጣችው። ጥቁር አረንጓዴ። የሚሳብ ዝልግልግ ነገር። ባለቤቴ አፍንጫዋን ያዘች።

እኔ ሽታውን አውቀዋለሁ። ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር የምናፍቀው ሽታ ነው። የመምህሬ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 2

ካንሰር አይደለም። ሻጋታ ነው። ቱቦው ውስጥ የበቀለውን ሻጋታ ሳንባዬ እየሳበ ሲቆጣ ከርሟል፤ ደሜም መስክሯል። መፍትሔው መራቅ ነው አለች። ቁጣውን የሚያበርድ ክኒን ለጥቂት ሳምንት፣ እስክፈቅድልዎ ምንም ነገር አይነፉም። ቶሎ ስለተደረሰበት ሳንባው ይመለሳል። ለዓመታት ቢቆይ ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠነክራል፤ ያኔ መመለሻ የለውም።

«ሰው በዚህ ይሞታል?»

«ይሞታል። ብዙ ጊዜ ሌላ ስም ይሰጠዋል እንጂ።»

መምህሬ ሲያስል ነው የሞተው። ሁሉም ሲጋራ ነው አሉ። መምህሬ አያጨስም ነበር።

ታኅሣሥ 10

ኮንሰርቱ። የኔን ክፍል ሁለተኛው ትሮምቦን ነፊ ነፋው። ከአድማጮች ጋር ተቀምጬ ሰማሁ። እዚያች ቦታ ላይ ተነፈሰ። ምንም አላልኩም። ይተንፍስ።

ታኅሣሥ 14

ባለቤቴ ትሮምቦኑን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አጠበችው። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ ረጅም ተጣጣፊ ብሩሽ። ውሃው ጠቆረ። ደፋች፣ ሞላች። እንደገና ጠቆረ። ባለቤቴ አፏን በሻሽ አስራ፣ «ይኼን ስትስመው ነበር የከረምከው?» አለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ አትጠጋ ተብያለሁ።

ታኅሣሥ 18

የባንዱን ነሐስ ሁሉ አሳጠብኩ። ግቢው ውስጥ በቧንቧ፣ በባልዲ።

ዝሆኔ፣ «አለቃ፣ አይታጠብም ብለህ አስተምረኸን...»

«ዝም ብለህ እጠብ!»

«ድምፁ ቢሞትስ?»

«አንተ ከምትሞት እሱ ይሙት።»

ከቱባው የወጣውን እዚህ አልጽፈውም። ዝሆኔም ባልዲውን እንደገና ሊሞላ ሮጠ።

ጥር 8

አዲሱ ፎቶ ንጹሕ ነው። ደመናው ሄዷል። ተፈቀደልኝ። ነፋሁ።

ድምፁ አልሞተም። ያው ነው። ያው ራሱ... እዚያ ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ ምንም አልነበረም ማለት ነው?

ጥር 11

የመምህሬ ሚስት ዘንድ ሄድኩ። ልነግራት። እውነት እውነት ነው፤ ሚስት ባሏ በምን እንደሞተ ማወቅ አለባት ብዬ። አሳንሰሩ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር።

«ከስተሃል፣ ልጄ» አለች። አስቀመጠችኝ። ስለሱ አነሳች፤ እኔ ሳልጀምር።

«ሆስፒታል በተኛ ጊዜ እኮ ድኖ ነበር። አልሰማህም? ሳሉ ጥፍት አለ። ኮሪደሩ ላይ እየተመላለሰ ነርሶቹን ያስቃቸዋል። ድነሃል ብለው ላኩት። እዚህ ሲገባ ኮቱን እንኳ አላወለቀም። ‹ናፍቆኛል፣ አምጪልኝ› አለ። ሳጥኑን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እንዴት ደስ እንዳለው ብታየው! ያን ቀን ሙሉ ነፋ። ከዚያ በሳምንቱ... እንግዲህ፣ ተመልሶ ተነሣበት።»

ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ያንተንስ ሳል ምን አሉህ?» አለችኝ።

«ብርድ ነው፣ እማማ።»

«ብርድ ብቻ?»

«ብርድ ነው አሉ።»

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ታዲያ ደረትህን ሸፍን እንጂ» ብላ የኮቴን ቁልፎች አንድ በአንድ፣ እስከ አንገቴ ድረስ ቆለፈችልኝ። ጨርሳ እስክትለቀኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩላት።