ቁጥር ሦስት ካንዴላ

ሽፌ፣

ከተለያየን ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን እንደ ወጉ አውጥተናል፤ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው በልቶ፣ ካህናቱም ጸልየው ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ አንተ ማውራት ቀንሷል። እኔም ቀንሻለሁ። ትናንት የሆነውን ግን ከአንተ በቀር የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ይኸው የዕለት ደብተሬ ላይ እጽፍልሃለሁ። ደብተሩን ታውቀዋለህ፤ «ነጋዴዋ ዛሬ ደግሞ ማንን ከሰሰች?» እያልክ የምትስቅበት ነው።

የቤቱን ላስቀድም። የጓሮው ግንብ ስንጥቅ ተደፍኗል። ፊት ለፊታችን የነበረው ባዶ ቦታ ባለ አራት ፎቅ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩን ከልክሎናል። ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ፉሪ የሚመጣው የታክሲ ሰልፍ ረዝሟል። የላፍቶው ሱቄ አለ፤ ሰው መጋረጃና አንሶላ መግዛቱን አልተወም። ልጃችን ፍሬ ሥራዋ ላይ ነች። ከስታለች። ከእኔ ጋር ስታወራ ዓይኗን ሌላ ቦታ ታደርጋለች። ነጯ መኪናህ ደግሞ ወንድምህ ጎትቶ ካመጣት ቀን ጀምሮ ግቢው ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ኮፈኗን ማንም እንዲከፍት አልፈቀድኩም። ሰው ሁሉ ከሐዘኔ የተነሣ መስሎት ነበር። አልነበረም።

ምክንያቱን ልንገርህ፤ እስከ ትናንት ድረስ ለማንም ያልነገርኩት ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ደረጃው ላይ ደረትህን ይዘህ አገኘሁህ። ላብ ሸሚዝህን አርሶት ነበር። «ጨጓራዬ ነው» አልከኝ። ፊትህን ሳየው ጨጓራ እንዳልሆነ ገባኝ። ፍሬ ከኋላ ወንበር ላይ አቅፋህ ተቀመጠች፤ መሪውን እኔ ያዝኩ። መኪናዋ ከበር ስንወጣ ጀምራ ታስል ነበር። ሀና ማርያምን አልፈን ወደ ጋርመንት በሚወስደው ዳገት ላይ ተንቀጥቅጣ ቆመች። ቁልፉን ደጋግሜ አዞርኩት። አንተ በቀጭን ድምፅ «አስቱ፣ ነዳጅ አትርገጪ፤ ይታፈናል» አልከኝ። ቀጥለህም «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልክ። ልታጽናናኝ መስሎኝ ዝም በል አልኩህ። ከአንተ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።

ሰው ወርዶ ገፋልን፤ አልተነሣችም። አንድ ሚኒባስ ቆመ፤ ተሳፋሪው ሳይጠየቅ ወርዶ ቦታ ለቀቀልን። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ…» ብሎ ቃሉን አልጨረሰውም። እኔ ግን ይኸው ዓመት ከሦስት ወር ስጨርሰው ኖርኩ።

ከዚያ ቅዳሜ ሳምንት ቀደም ብሎ አራት ካንዴላ ገዝቼልህ ነበርና፤ «የሞተሩ ክብሪት» የምትለውን። እሑድ ካንዴላ ልቀይር ነው ስትለኝ፣ አንተ ዋጋ አትከራከርም ብዬ መለዋወጫ ሱቅ የሄድኩት እኔ ነኝ። ባለሱቁ «እናቴ፣ አንቺማ ሰው በቁሙ ትገፍፊያለሽ! እናቴን ይንሳኝ፣ ኦሪጅናል ነው!» እያለ ማለልኝ። በግማሽ አስወርጄ ይዤልህ መጣሁ። ለማኅበርተኛው ሁሉ እንዴት እንዳንበረከክሁት አወራሁ፤ አንተም አጠገቤ ተቀምጠህ ፈገግ ብለሃል። እሑድ ማታ «ገጠምከው?» ስልህ «ገጥሜዋለሁ፤ ነብር ሆነች» አልከኝ።

ጨርቅ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳስሼ ሐሰቱን ከእውነተኛው እለያለሁ። ብረት አላውቅም። መኪናዋ ዳገቱ ላይ በቆመችበት ቅጽበት የታየኝ የዚያ ባለሱቅ መሐላ ነው። በለቅሶው ድንኳን ፍሬ «ይቺ ቆርቆሮ ናት አባቴን የበላችው! ከግቢ አውጡልኝ!» እያለች ስትጮህ፣ መኪናዋ አይደለችም፣ የእኔ ካንዴላ ነው ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ፍሬ መኪናዋ ባለችበት በኩል አታልፍም፤ በኩሽናው ዞራ ነው የምትገባው። እኔም ደብተሬ ላይ ያን ቀን የጻፍኩት «መኪና ቆመች» የምትል ሁለት ቃል ብቻ ናት።

አሁን ጋሽ ቶላ መኪናዋን ለልጄ ሽጪልኝ አሉኝ። ታውቃቸዋለህ፤ ከእኛ ቤት በታች ገና ያልተሸጠች የጤፍ ማሳ ያለቻቸው ሽማግሌ። «አስቴር ልጄ፣ መኪናም እንደ በቅሎ ነው፤ አፉን ከፍቼ ጥርሱን ሳላይ አልገዛም» ብለው ለዛሬ እሑድ ከመካኒክ ጋር ቀጠሩኝ። መካኒኩ ኮፈኑን ሲከፍት ሐሰተኛ ካንዴላ ቢያገኝስ? ጋሽ ቶላ ለሰፈሩ ያወራሉ፣ ወሬው ፍሬ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ ትናንት ፍሬ ሳትመጣ በገዛ እጄ ልቀይረው ቆረጥኩ። ላንተ መቼም አልዋሽም፤ መኪናዋ አሳዝናኝ አልነበረም። ማስረጃ ላጠፋ ነበር።

አራት እውነተኛ ካንዴላ ከሁነኛ ሰው ገዛሁ። ሰውዬው ሐሰተኛው በምን እንደሚለይ አሳየኝ፤ የሐሰተኛው ጽሑፍ በአውራ ጣት ሲታሽ ይለቃል፣ የእውነተኛው አይለቅም። ባትሪውን አስሞላሁ። ሸራውን ገለጥኩ። የካንዴላ መፍቻህን ካስቀመጥክበት አገኘሁት፤ እጀታው ላይ የጠቀለልከው ጨርቅ የእኔ የሱቅ ቅዳጅ ነው።

እሑድ እሑድ አጠገብህ ቆሜ መብራት ስይዝልህ የምትለውን አልረሳሁም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን አሉታዊ ጫፍ ፍቺ። ካንዴላው ዙሪያ ያለውን አቧራ ሳትፈቺ በፊት እፍ በይው፣ አለዚያ ሞተር ውስጥ ይገባል። «አራቱን ባንዴ አትንቀዪ አስቱ፤ ገመዶቹ ቦታቸውን ይስታሉ። አንዱን ፈትተሽ አንዱን ግጠሚ።» እንዳልከው አደረግሁ።

የመጀመሪያው ወጣ። ያልጠበቅሁት ነው። ጥቁር፣ ያረጀ፣ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ካንዴላ። ጎኑ ላይ በሚስማር የጫርካት 1 አለች። እያንዳንዱ ወደ ቦታው እንዲመለስ ቁጥር የምትጽፍበት የድሮው ነው። አዲሱን ገጥሜ ሁለተኛውን ፈታሁ፤ 2 ይላል፣ እሱም የድሮው። ሦስተኛው ጭራሽ ቁጥር የለውም። የዛገ፣ ከሌላ ዓይነት፣ ሸክላው ተሰንጥቆ የጠቆረ። አራተኛው 4 ይላል። ቁጥር 3 የለም።

እጄን ጠርጌ ወደ ዕቃ ቤት ገባሁ። አሮጌ ካንዴላ የምታጠራቅምበትን የወተት ጣሳ አወረድኩ። የእኔ አራቱ እዚያ ነበሩ። ሦስቱ ከነካርቶናቸው እንደታሸጉ። አንዱ ካርቶኑ ተከፍቷል፤ ጽሑፉ እኩሌታው ታሽቶ ለቅቋል። ያንተ አውራ ጣት ነው ያስለቀቀው። አንድም ቀን መኪናዋ ላይ አልተገጠሙም።

ጣሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜህን በሙሉ በሹፍርና የኖርክ ሰው ነህ፤ ገና ካርቶኑን ስትከፍት አውቀኸዋል። ሐሰተኛ ካንዴላ ሸክላው ተሰብሮ ሞተር ያበላሻል ትል ስለነበር አልገጠምከውም። ግን ለምን አልነገርከኝም?

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የውኃ ታንከሩን አስታወስኩት። እኔ ተከራክሬ ያመጣሁትን ታንከር ዓይተህ «አስቱ፣ ተታለሻል፤ ይሄ ክረምት አይሻገርም» አልከኝ። አልጮህኩብህም፤ እኔ አልጮህም። አሥራ አንድ ቀን አላናገርኩህም። ምሳህን አቅርቤ ፊቴን አዞርኩ። ታንከሩ ክረምት ሳይሻገር ሲሰነጠቅም ትክክል ነበርክ አላልኩህም። ከዚያ ወዲያ ተታለሻል ብለኸኝ አታውቅም። እኔ መታለል የተውኩ መስሎኝ ነበር፤ አንተ ነህ መናገር የተውከው። ሰው ይሉኝታ ይለዋል። ይሉኝታውን ያስተማርኩህ ግን እኔ ነኝ፣ በዝምታ።

ፍሬ በኩሽናው በኩል ስትገባ እዚያው ነበርኩ። ቅዳሜ ቶሎ እንደምትመጣ ረስቼዋለሁ። እጄ ላይ ያለውን ጥላሸት ዓየች፣ ጣሳውን ዓየች። ልደብቀው አስቤ ነበር። ደከመኝ ሽፌ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ካንዴላውን እንደገዛሁ፣ እንደተታለልኩ፣ ዓመት ሙሉ አባቷን የገደልኩ እየመሰለኝ እንደኖርኩ። ከዚያ አሮጌዎቹን አሳየኋት። «አባትሽ የእኔን አልገጠመውም። ግን ቁጥር ሦስት የለም። በሱ ቦታ ይሄን የሞተ ነገር ነው የሰካው» አልኳት።

 ክፍሏ ገብታ የሥራ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ከኪሱ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ፈታሁት። በሚስማር የተጫረች 3።

«ለናሙና ሰጥቶኝ ነበር፣ እማዬ» አለች። «ሰኞ ጠዋት። መሥሪያ ቤትሽ አጠገብ እውነተኛውን ታገኛለሽ፣ ይሄን አሳይተሽ አራት ግዢልኝ፤ እናትሽ እንዳትሰማ አለኝ። ላፍቶና ጋርመንት ያሉት ባለሱቆች ላንቺ ይነግራሉ ብሎ ፈርቶ ነው። እኔ ነገ ነገ አልኩ። ማክሰኞ ረሳሁ። ረቡዕ ዝናብ ነበር። ዓርብ ሱቁ ድረስ ሄጄ ሰልፍ አይቼ ተመለስኩ። ቅዳሜ ጥፋቱ የእኔ ነው ሲል… እኔ አቅፌው፣ ቦርሳው እግሬ ሥር…»

 ለካ መኪናዋን የሰደበችው መኪና መልሳ ስለማትከሳት ነው። ለካ በኩሽና የምትዞረው ለዚህ ነው። ሦስታችንም አንድ ቤት ውስጥ አንዲት ነገር ተደባብቀን ስንኖር፣ አንዳችን በመሐል ሞተ።

አስለቀሰችኝ ብዬ አልጽፍልህም፤ ታውቀኛለህ። ልቤ ግን ለአፍታ ወደዚያ ወደ አሥራ አንዱ ቀን ሄደ። ፊቴን ላዞርባት ቃጣኝ። አምስት ቀን ሙሉ! ልል ነበር። ፊቷን ሳየው፣ ይህን ጠብቃ ዓመት ከሦስት ወር ስትሸሸኝ እንደነበር ገባኝ። አሁን ዝም ብላት አንተን ባጣሁበት መንገድ እሷንም አጣለሁ። «ነይ ወዲህ» አልኳት። «አራተኛው ገና አልተገጠመም። መብራት ያዢልኝ።»

መጣች። የመጨረሻውን አዲስ ካንዴላ እሷ በጣቷ አስገባችው፤ ጥርሱ እንዳይበላሽ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ ትንሽ ብቻ፣ አንተ እንደምትለው። ባትሪውን አሰርኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ተነሣች፤ በአራቱም፣ ያለ አንዲት ሳል። ደስ አላለኝም ሽፌ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር እንዴ ብዬ መሪው ላይ ግንባሬን አስደገፍኩ። ፍሬ ከጎኔ ያለውን በር ከፍታ ገብታ ተቀመጠች። የትም አልሄድንም። ሞተሩ እየሠራ ብዙ ቆየን።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ቶላ ከመካኒካቸው ጋር መጡ። ከአንድ ካንዴላ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው «ታዲያ ይህን ነግረሽኝ ገዢ ይቀርብኛል ብለሽ አልፈራሽም?» አሉኝ። ቢቀር ይቅር አልኩ። አልቀረም፤ ወስደዋታል። በሩን ስትወጣ ፍሬም እኔም ቆመን ዓየናት።

አንተን ለማስታወስ ምልክት የሚያስፈልገኝ ሴት አይደለሁም፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬያለሁ። የምፈራው ሌላ መርሳት ነው፤ ዝምታዬ ምን እንዳስከፈለን መርሳት። ስለዚህ ቁጥር ሦስትን ከሱቁ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመቀሱ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፍሬ ባለፈው ሳምንት ያመጣሁትን የመጋረጃ ጨርቅ ዘርግታ ስታገላብጥ ቆየችና፣ ቀና ሳትል፣ እየፈራች፣ «እማዬ፣ ይሄኛው ላይ ተታለሻል መሰለኝ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። እጄን ወደ ቀሚሴ ኪስ ሰደድኩ፤ ካንዴላው ገና እዚያው ነበር፣ ቀዝቃዛ። አጥብቄ ያዝኩትና «የት ላይ? አሳዪኝ» አልኳት።

አስቱ