ጣሪያዬን ነፋስ አልወሰደውም ያሉት አባባ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ኦዝበርን፣

ከባለቤትህ ከማርቫ፣ ከልጅህ ከካሪን ጋር እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይ? የበርሚንግሃም ብርድ አሁንም ይነዘንዝሃል? እኛ አውሎ ነፋሱ ካለፈ ወዲህ፣ ከጣሪያችን በቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን። ስልኩ ገና ስላልተጠገነ ነው በደብዳቤ የመጣሁብህ። አትደንግጥ፣ እየሳቅሁ ነው የምጽፍልህ።

የሄደው አባባ እናታችንን ባገቡ ዓመት በገዛ እጃቸው የሠሩት ጣሪያ ነው። "የኔን ጣሪያ የሚያነሳ ነፋስ ገና አልተወለደም" ሲሉ ሰምተን አይደል ያደግነው? እንግዲህ የዛሬ ስድስት ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት በቀትር ተወለደ። አልጋ ሥር ተኝተን ምስማሩ አንድ በአንድ ሲነቀል እንሰማለን። ከዚያ ቤቱ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ቀና ስል የሚታየኝ ሰማይ ነው። ቆርቆሮው ከነወራጁ አጥሩን ዘሎ የጎረቤታችን የእትዬ ዜልማ ማድ ቤት ላይ ዐረፈ፤ ማድ ቤቱም አብሮት ተኛ። ደግነቱ እሷ ቤተ ክርስቲያን ተጠልላ ነበር።

አሁን ምስጢሬን ልንገርህ። አባባ ኢንሹራንስን "ነፋስን በወረቀት ማሰር" እያሉ እንደሚያሾፉበት ታውቃለህ። እኔ ግን ቤቱ በእሳቸውና በእኔ ስም ነውና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ተደብቄ ስከፍልለት ኖሬአለሁ። ይህን ስነግራቸው ሁለት ቀን አኮረፉኝ።

በሦስተኛው ቀን የኢንሹራንሱ ገማች አቶ ፕሪንግል በሚያብረቀርቅ ጫማው ጭቃውን እየዘለለ መጣ። ካሳ የሚከፈለው ጥፋቱ የነፋስ ከሆነ ብቻ ነው፤ አሠራሩ ደካማ ከሆነ ምንም የለም። ነፋሱ ጣሪያውን በስንት ሰዓት እንደወሰደው አባባን ጠየቃቸው።

"ጣሪያዬን ነፋስ አልወሰደውም" አሉ አባባ።

ሰውየው ሽቅብ ሰማዩን አየና "ታዲያ የት ሄደ?" አላቸው።

"ሄደ። ማን እንደወሰደው አላየሁም።"

እግራቸውን ረገጥኳቸው፤ ለምን ትረግጭኛለሽ ብለው አጋለጡኝ። ገማቹ ነፋስ ካልሆነ የአሠራር ጉድለት ነው ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያነሳ፣ እትዬ ዜልማ ጥቀርሻ የለበሰ ድስቷን ታቅፋ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች።

"ነፋስ ካልሆነማ እሰየው" አለች። "የእግዜር ነፋስ ቢሆን የምከሰው አልነበረኝም። ጣሪያህ በገዛ እግሩ መጥቶብኝ ከሆነ ግን ማድ ቤቴን የምትሠራው አንተ ነህ። እስኪያልቅም የማበስለው እዚሁ ምድጃህ ላይ ነው።"

የእሷ ፍየል የአባባን ሐብሐብ ከበላችበት ቀን አንስቶ እነዚህ ሁለቱ ለአሥራ አንድ ዓመት እንደተኮራረፉ አትዘነጋውም። አባባ ድስቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጻፍ" አሉት። "ነፋስ ነው። ተራ ነፋስ እንዳትል ግን።"

አቶ ፕሪንግል ፊቱ ሳይፈታ "ተራ ያልሆነ ነፋስ" ብሎ ጻፈላቸው።

ማምሻውን አባባን ከጣሪያው ተገንጥሎ ሸንኮራው መሀል የተበታተነውን ቆርቆሮ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። እንዲያ ያለ ነገር ለምን እንደተናገሩ ብጠይቃቸው፣ "እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ዝናብ ሳትፈራ ከሥሩ ተኝታለች። አይሄድም ብዬ ቃል የገባሁት ለእሷ ነው" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አብሬያቸው ለቀምኩ።

ካሳው ባለፈው ሳምንት ወጣ፤ አዲሱ ጣሪያም በብረት ማሰሪያ ተጠፍንጎ ቆሟል። አሮጌውን ቆርቆሮ አባባ በመዶሻ ሲያቃኑ ሰነበቱ። ትናንት ደግሞ መሰላላቸውን ተሸክመው አጥሩን ተሻገሩና ዳግም የቆመውን የእትዬ ዜልማን ማድ ቤት በዚያው ቆርቆሮ ማልበስ ጀመሩ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም፤ እሷም አልጠየቀች። መሰላሉን ከሥር ይዛ "ምስማሩ ሳስቷል፣ ጨምር" ትላቸዋለች። እሳቸውም ይጨምራሉ።

ማርቫን በጣም ናፍቀሽኛል በልልኝ፤ ካሪንን ጉንጯን ሳምልኝ። እትዬ ዜልማ ሰላም ብላሃለች፤ አባባም እንዲሁ። አባባ አጠገቤ ቁጭ ብለው ስጽፍ እያዩ ነው፤ "የእሷን ስም ከእኔ ስም አስቀድሚ" ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

እህትህ ኢሲልዳ
ሴንት ኤልዛቤት፣ ጃማይካ
ኖቬምበር 9 ቀን