በዐርብና በሰኞ መካከል ስለሣሉልን ውሃ

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤታችን የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ እንዲሁም በቢሮዎ መስኮት ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ላይ እሑድ እሑድ በቦቴ መኪና ለሚጠጡት አበቦች ጭምር ያለኝን መልካም ምኞት እየገለጽኩ፣ እኔ በሚመሩት መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ውስጥ የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ፣ የምረቃ ፎቶዬም ገና ፍሬም ያልገባለት ጀማሪ ባለሙያ መሆኔን በትሕትና አስታውቃለሁ። በጋዜጣ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በበርዎ በኩል ለመግባት ደጋግሜ ሞክሬ ጸሐፊዎ «እናቴ፣ እሳቸው እኮ የውሃ ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች በፈገግታ መልሳኛለች፤ ስለ ውሃ የሚሰበሰብን ሰው በውሃ ጉዳይ ማቋረጥ ነውር መሆኑን ደግሞ ከአሳዳጊዎቼ ተምሬአለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። በላይ ሰፈር አንዲት ጤና ጣቢያ አለች። እናታችንን ተክታ ያሳደገችን አክስቴ እዚያ አዋላጅ ናት፤ ወሯ የገባው ታላቅ እህቴም የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በአክስቴ እጅ እዚያው ነው። የሰፈሩን የቧንቧ ግፊት የሚለካልን፣ ከሰዓቱ ዝንፍ ስለማይል «አባ ሰዓት» የምንለው ባልደረባችን ነው። ከሰኞ እስከ ዐርብ በየቀኑ አንድ ጊዜ ይለካል፤ ቅዳሜና እሑድ እንደማንኛውም ሠራተኛ ያርፋል። ችግሩ ቧንቧውም አብሮት ማረፉ ነው። በፈረቃ ቅዳሜና እሑድ መስመሩ ይዘጋል። ፈረቃው ማብቃቱ ከዓመት በፊት በእርስዎ ፊርማ በደብዳቤ ተገልጿል፤ ለቧንቧው ግን ግልባጭ ስላልተደረገለት እስከ ዛሬ ሥራውን ቀጥሏል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጤና ጣቢያዋን ያቆያት እሑድ እሑድ የሚወጣላት ቦቴ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና የምላቸውን ነጥቦች እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የአባ ሰዓትን ልኬቶች በኮምፒውተር ላይ በነጥብ አስቀምጬ፣ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር አገናኝቼ ለአጠቃላይ ስብሰባው ያቀረብኩ ዕለት፣ እርስዎ መነጽርዎን ከፍ አድርገው «ይሄ ግራፍ ነው መጋዝ? የሕዝብ አገልግሎት እንዲህ አይንገጫገጭም» በማለት በሰጡት ሙያዊ አስተያየት አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምክንያቱም የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ከዚያም ከወንበርዎ ተነሥተው ማውሱን ከእጄ ተቀብለው፣ «መስመሩን አለስልስ» የምትለዋን ትንሽ ሳጥን በገዛ ጣትዎ በመንካትዎ መጋዙ በአንድ ጊዜ የተራራ ሰንሰለት ሆነ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ፈጣን ልማት አይቼ አላውቅም።

2ኛ. ከተራሮቹ ሁሉ ትልቁ እሑድ ላይ ነበር። ዐርብ ከሰዓት ውሃውን የሚሻሙት የሰፈሩ ወርክሾፖች ቀደም ብለው ስለሚዘጉ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ፣ ሁለት ቀን ተዘግቶበት ጢም ብሎ የሞላው ማጠራቀሚያ ሲከፈት ውሃው እየፎከረ ይመጣል። ሰኞ ላይ ያለው ከፍተኛ ነጥብ እንግዲህ እሑድ ውሃ እንዳልነበረ የሚመሰክር ነው። ፕሮግራሙ ግን ይህን ከየት ይወቅ? እሱ የሚያውቀው ነጥቦቹን መንካት ብቻ ነው። ወደ ዐርብ ሽቅብ ሲሮጥ የነበረውን መስመር ድንገት መስበር ነውር ስለሚመስለው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የጠፋበት ብስክሌት ነጂ መታጠፊያውን አልፎ ሄዶ እንደሚመለስ ሁሉ፣ ከዐርብ አልፎ ወጥቶ፣ በሰማይ ዞሮ፣ ሰኞን ከላይ መጥቶ ያገኘዋል። በመካከሉ ማንም ያልለካው ውሃ ይፈጠራል። እርስዎም ጫፉን በብዕርዎ እያመለከቱ «አያችሁ? እሑድ በውሃ ተጥለቅልቀው እኮ ነው ቦቴ የሚለምኑን!» ሲሉ ጭብጨባው እስከ ደረጃው ተሰማ። ሣሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ ልጅ ሳለሁ ተነግሮኛል፤ ተራራውን አይቶ ቧንቧውን ስላላየ ኃላፊ ግን የነገረኝ ስላልነበረ ለትምህርቱ አመሰግናለሁ። በማግስቱ ቦቴው ወደ አደባባዩ አበቦች ተዛወረ። ቧንቧ ላልገባለት ለላይ ሰፈር ትምህርት ቤት ዐርብና ሰኞ እንዲወጣ የሚፈርሙለት ፊርማ ግን እንዳለ ነው፤ የቀረው የእሑዱ ብቻ ነው።

ይህን ለአክስቴ በስልክ ባስረዳኋት ጊዜ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ከዚያ መስመርሽ ላይ አንድ ባልዲ ቅጂልኝ» ብላኛለች። ጥያቄዋን በወቅቱ ባለማቅረቤ ይቅርታ እየጠየቅሁ እነሆ አቅርቤአለሁ።

3ኛ. ረቡዕና ሐሙስ ግፊቱ ዜሮ አካባቢ ስለሆነ፣ ለስላሳው መስመር በሁለቱ መካከል ከዜሮ በታች ወርዶ መመለሱን ምናልባት ልብ አላሉትም። ትርጉሙ የላይ ሰፈር ሕዝብ ረቡዕ ማታ ውሃ ወደ መሥሪያ ቤታችን ሲልክ ያድራል ማለት ነው። ስለ ትብብሩ የምስጋና ደብዳቤ ቢጻፍለት።

4ኛ. ነገር ማለስለስ ገና ያልለመድኩ ልጅ ስለሆንኩ፣ አንድ እሑድ ከአባ ሰዓት መለኪያውን ተውሼ ወደ ጤና ጣቢያዋ ወጣሁ። የመለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ እንደተኛ አልተነሣም፤ በጣቴ መታ መታ ባደርገውም አልነቃም። በዚያው ዕለት አንዲት እናት በሰላም ተገላገለች፤ አክስቴ እጇን የታጠበችው የወላዷ ባል ለአጥሚት ብሎ ከቤቱ ተሸክሞት በመጣው ጀሪካን ውሃ ነው። አጥሚቱ ሳይሠራ ቀርቷል፤ ልጁ ግን ደኅና ነው። እኔም እየበረርኩ መጥቼ ያችን አንዲት ነጥብ እሑድ ላይ ባስቀመጥኳት ጊዜ ያ ሁሉ ተራራ ተንዶ ጉድጓድ ሆነ። ደስ አለኝ። መቼም እውነት በአንዲት ነጥብ ይገኛል ብሎ የሚያምን ዕድሜ ላይ ነኝ። እርስዎ ግን ወረቀቱን ከዓይንዎ አርቀው ካዩት በኋላ «ይቺ ነጥብ ከጓደኞቿ ጋር አትሄድም፤ አፈንጋጭ ናት፤ አውጪያት» አሉኝ። ከበሩ ሳልወጣም እንደ አባት አክለው «ወጣት ነሽ፣ ነገር አትስበሪ፣ አለስልሺ፤ ያኔ ቦታ ታገኛለሽ» ብለውኛል። ምክርዎን አልረሳሁትም፤ እንዲያውም ወደፊት በሥራ ላይ የማውልበትን ቀን ስጠባበቅ ቆይቻለሁ።

አሁን የጤና ጣቢያዋ ኃላፊ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል፦ ውሃው ካልተስተካከለ ከመጪው ወር ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ማዋለድ ስለሚቆም፣ ምጥ የያዛት እናት ሁለት አውቶቡስ ለውጣ ከከተማው ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ትሄዳለች። የእህቴ ባል ይህን ካነበበ ወዲህ ማታ ማታ ከሆዷ አጠገብ ተቀምጦ «ልጄ፣ እንደ ጨዋ ሰው በሥራ ቀን ና» እያለ ይለምናል። እህቴ ደግሞ «ያንተ ልጅ ከሆነ ቀጠሮ አያከብርም» ትለዋለች። እንስቃለን። ከሳቁ በኋላ ግን ሁላችንም ቀን መቁጠሪያውን እናያለን።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ያችን ሳጥን አንድ ጊዜ መልሰው ይንኳት፤ ምልክቱ ይጠፋል። ዐርብና ሰኞ መካከል ባዶ ይተዉልኝ፤ ባዶውም ላይ «አልተለካም» ብዬ እጽፋለሁ። ባዶ ቦታ ለመሥሪያ ቤት አያሳፍርም። እኔ ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ጠዋት ከጥበቃው ቀድሜ የምደርሰው ለደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጓዳ ድረስ የሚገባ ሥራ ስለሆነ ነው። አባ ሰዓትም ተራ እናውጣ ካልን እሑድን ለመለካት ፈቃደኛ ነው። ቦቴውም ይመለስ። ይህ ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ ግን የሚወቀጥ ውሃ ከተገኘ እሱም አንድ ነገር ነው እላለሁ።

ነጥቦችዎ ሁሉ ጓደኛሞች፣ መንገድዎ ሁሉ ያለ መታጠፊያ፣ አበቦችዎም ለምለም እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ ገና ያልለሰለስኩት ታዛዥ ሠራተኛዎ፣ ከዕቅድ ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ሳልከት አክስቴ ደውላ «እህትሽን ይዟታል፤ ያገኘሽውን ውሃ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ቀኑ እሑድ ነበር። ወደ አደባባዩ ሮጬ ቦቴውን አበቦቹ መካከል አገኘሁት። ሾፌሩ «እህቴ፣ ያለ ኃላፊው ፊርማ ጎማዬ አይንቀሳቀስም» አለኝ፤ ትክክል ነው። እኔም ወደ ላይ ሰፈር እንዲወጣ ዐርብ የፈረሙለትን ወረቀት ከመኪናው መስተዋት ሥር አውጥቼ፣ ሰኞም እንደሚፈርሙ አስታውሼ፣ በሁለቱ ፊርማዎች መካከል ያለውን እሑድ በመከሩኝ መሠረት ወረቀቱ ላይ በብዕሬ በሣልኩት ለስላሳ መስመር አገናኘሁለት። ጫፉ ላይ ፈቃድዎ ከዐርቡም ከሰኞውም በልጦ ስለተገኘ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ወንድ ልጅ ነው፤ ታጥቧል። ሰኞ ሲገቡ የጠወለጉ አበቦች ካጋጠምዎት ከጓደኞቻቸው ጋር የማይሄዱ ናቸውና ያውጧቸው።