በጠፈር መርከብ ላይ የጻፍኩት ስምሽ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለሜ አምለሰት፤

እንደምን አለሽ? እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? የጋምቤላው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ወባውስ? ሥራሽ፣ ጎረቤቶችሽ፣ የምታዋልጃቸው እናቶች ሁሉ እንደምን ናቸው? ደብዳቤ ሲጀመር የሚባል ነገር ነው ብለሽ እንዳታልፊው። በዚህ ጊዜ ደኅንነትሽን የምጠይቀው ከልቤ ነው። ከመስቀል ወዲህ ድምፅሽን አልሰማንም፤ ስልክሽ አልሠራ ባለ ቁጥር ሟርቴ የደረሰብሽ ይመስለኛል። «ትናንት አየኋት፣ ደኅና ናት» የሚለኝ አንድ ሰው ባገኝ እግሩን እስም ነበር። እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ደኅና ነኝ ማለት ማሳፈር ከጀመረኝ ግን ሦስት ሳምንት አለፈኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። እማ ደኅና ናት። አባታችን ያረፈ ጊዜ «ትንሽ አሞታልና ነይ» ብዬ በስልክ የጠራሁሽ እኔ ነኝ፤ መድኃኒት በቦርሳ ሞልተሽ ስትገሰግሺ መጥተሽ ድንኳን የጠበቀሽ በእኔ ምክንያት ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ስታነቢ «ደግሞ አሁን ምን ደብቆኝ ይሆን» ማለትሽ አይቀርም። አልደበቅኩሽም። እማም አለች፣ እህታችን ማሚቱም አለች፣ ላሞቹም አሉ። የሞትሽው አንቺ ነሽ። የገደልኩሽም እኔ ነኝ፣ በአፌ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡሬ ጋራዥ ውስጥ መኪና እንደምቀባ ታውቂያለሽ። በመስከረም ፍሬሕይወት የምትባል የፊዚክስ መምህርት መጣችና ተማሪዎቿ የሠሩትን የጠፈር መርከብ እንድቀባላቸው ጠየቀችኝ። የእውነት አይደለም፤ ከዛሬ መቶ ዓመት በኋላ የጎጃም ሰው ጤፉንና ንቡን ጭኖ ወደ ሌላ ዓለም ይሄድበታል ብለው ልጆቹ በሐሳባቸው የፈጠሩት ነው። እውነተኛው ቢሠራ ርዝመቱ አራት መቶ ሜትር ይሆናል፣ እኛ መቶ ጊዜ አሳንሰነዋል አሉኝ። አንሶም አራት ሜትር ነው፤ በጋራዡ የጎን በር አልገባ ብሎን መቃኑን ነቅለን ነው ያስገባነው። አካሉ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ሞተሮቹ የውኃ ቱቦና የተቆረጠ ጄሪካን፤ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ኮተት ሁሉ የአሮጌ ኮምፒዩተር ቁልፍና የጠርሙስ ክዳን ነው። ስምንት ወር ደክመውበታል።

ሥራው ከመኪና ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ ግራጫ መነሻ ቀለም በመርጫ ትነፊበታለሽ። ከዚያ ሁለተኛው ቀለም እንዳይነካው የምትፈልጊውን ቦታ በወረቀት ፕላስተርና በጋዜጣ ትሸፍኛለሽ፤ የቀረውን ትቀቢያለሽ፤ ቀለሙ ድርቅ ሳይል ፕላስተሩን ቀስ አድርገሽ ትልጪያለሽ። ያን ጊዜ የሁለቱ ቀለም ድንበር በማስመሪያ የተሰመረ መስሎ ይወጣል። መስኮቶቹ ብቻ መቶ ሃያ ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ የጥፍር ያህል ፕላስተር በምላጭ ቆርጬ ለጠፍኩበት። እውነቱን ልንገርሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የወደድኩት ሥራ የለም። ልጆቹ ከትምህርት ሲለቀቁ መጥተው ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩኛል፤ እኔም ኩራት ኩራት ይለኝ ጀመር።

ጥቅምት 26 ቀን፣ ረቡዕ፣ የመጨረሻውን ነጭ ነፋሁበት። ፍሬሕይወት «ፕላስተሩ ዛሬ መነሣት የለበትም?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሥራዬን አታስተምሪኝ» አልኳት፣ ያውም በልጆቹ ፊት። በማግስቱ የጥቅምት መድኃኔዓለም፣ የደብራችን ንግሥ ነው፤ ለማንኩሳ የሚሄደው ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነበር። ከንግሡ መልስ እልጠዋለሁ ብዬ የቀለም ክፍሉን ቆልፌ ሮጥኩ። ሐሙስ መድኃኔዓለም ዋለ። ዓርብ ልነሣ ስል እማ «በአማኑኤል ወዴት ነው?» አለችኝ። ቅዳሜ ባለወልድ ነው፣ ቀጥሎ እሑድ፣ ሰኞ ደግሞ ልደታ። ታውቂያታለሽ፣ በበዓል ቀን ሰው መርፌ ሲነካ ካየች አዝመራው ላይ በረዶ የሚወርድ ነው የሚመስላት። እኔም ብሆን በዓል ሽሬ አላውቅም። ቀለም ምን ይሆናል፣ ይጠብቀኛል ብዬ አምስቱን ቀን ጠላ እየጠጣሁ አከበርኩ። ስልኬም ባትሪ ጨርሶ ተዘግቶ ከረመ።

ማክሰኞ ጠዋት የቀለም ክፍሉን ስከፍት የቆርቆሮው ሙቀት ፊቴን መታኝ። ፕላስተሩ ከቀለሙ ጋር ተጋግሯል። አንዱን ጫፍ ይዤ ብስበው ነጩን ብቻ ሳይሆን ግራጫውንም፣ ከሥሩ እንጨቱን የደለደልኩበትን ስቱኮም ይዞ እስከ እንጨቱ ድረስ ተገሸለጠ። ሌላውንም ሞከርኩ፣ ያው ነው። ከመቶ ሃያው መስኮት ደኅና የወጣው አሥራ አንድ ብቻ ነው። መርከቡ በትምህርት ቤቱ ሊታይ የቀረው አራት ቀን ነበር። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ቆሜ ሳለሁ ፍሬሕይወት ገባች። መርከቡን አየች፣ እኔን አየች። «አምስት ቀን ሙሉ የት ነበርክ? ስልክህም ዝግ ነው» አለችኝ። በዓል ሳከብር፣ ጠላ ስጠጣ ነበር ማለት አቃተኝ። «ሐዘን ደርሶብኝ ነው» አልኳት። «ማን?» አለች። «እህቴ» አልኩ።

ለምን አንቺን እንዳልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። እማን እንዳልል ቅርብ ናት። ማሚቱን እንዳልል ቡሬ ገበያ ትመላለሳለች። አንቺ ሩቅ ነሽ፤ ሩቅ ያለን ሰው መግደል ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ስምንተኛ ክፍል የወደቅኩ ጊዜ አባታችን አለንጋ ሲያነሣ መሐል ገብተሽ በጀርባሽ የተቀበልሽልኝ አንቺ ነበርሽ። ያንን እያወቅኩ ነው እንግዲህ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ የለ። የፍሬሕይወት ዓይን እንባ ሞላ። «የትምህርት ቤቱ ይቅር፣ ለፍኖተ ሰላሙ የተማሪዎች ትርኢት ይደርሳል፤ አንተ ሂድና እረፍ» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ የጋራዡ ባለቤት ወንዳወቅ ሠራተኞቹን አስከትሎ ከተከራየሁበት ቤት መጣ። ወንዳወቅ ካቻምና ወንድሙን ቀብሯል፤ እኔን አቅፎ የራሱን ሐዘን አለቀሰ። ሰሌን ተነጠፈ፤ የግቢው ሴቶች ንፍሮ ቀቀሉ። ተማሪዎቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። «ምን አገኛት?» ሲሉኝ «ወባ» አልኩ። አለቀስኩም፣ እታለም። ያለቀስኩት ከዕፍረት ነው፤ እነሱ ግን ለአንቺ መሰላቸው። በሰልስቱ ተማሪዎቹ ተመካክረው መጡና «መርከባችን ስም የለውም፣ በእህትህ ስም እንጥራው» አሉኝ። አይሆንም ብዬ ሁሉን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አልኳቸው።

መርከቡን ፍቄ፣ ስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ እንደ አዲስ ቀባሁት። በዚህ ጊዜ ፕላስተሩን ሰዓቱን ጠብቄ ላጥኩት። በመጨረሻ ጎኑ ላይ ሰፊ ፕላስተር ለጥፌ ስምሽን ጻፍኩበትና ፊደሎቹን አንድ በአንድ በምላጭ ቆርጬ አወጣሁ። በክፍቱ ላይ ብርቱካናማ ነፋሁበት። ስልጠው አንዲት ጠብታ እንኳ ከመስመር አልወጣችም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸ ነው። እንዲያውም ራቅ ብዬ አየሁትና «አምሯል» አልኩ።

ወሬ ከቡሬ ማንኩሳ ለመድረስ መኪና እንደማይጠብቅ እንዴት እንደዘነጋሁ አላውቅም። ከጋራዡ ሠራተኞች አንዱ፣ እህል ሊሸጥ ለመጣ የመንደራችን ሰው «እግዜር ያጽናችሁ» አለው። ሰውየው ለሽማግሌዎች ነገረ። ኅዳር 10 ቀን ጎህ ሲቀድ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ የንስሐ አባታችን ቄስ ኪዳነ ማርያም ሽማግሌዎቹን ይዘው የእማን በር አንኳኩ። ማሚቱ እያለቀሰች ደወለችልኝና በረርኩ። ስደርስ እማ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ፣ የአንቺን ነጠላ ታቅፋ ግቢው መካከል ቆማ እንዲህ ትላለች፦

የስንቱን እናት ልጅ ተቀብላ በእጇ፣
ዓይኗን የሚከድን ሰው ጠፋ ከደጇ።

እግሯ ላይ ወደቅኩ። ሰዉ ሁሉ እየሰማ «እማ፣ አምለሰት አልሞተችም፤ ቀለም ተበላሽቶብኝ፣ አፍሬ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ራሴን ዳበሰችኝ። «አይ ልጄ፣ የአባቷን መርዶ ከእሷ የደበቅክ አንተ አይደለህም? ዛሬ ደግሞ ከእኔ ልትደብቅ ነው» አለችኝ። በመድኃኔዓለም ልምልላት ስል አፌን በእጇ ያዘች። «እኔን ላጽናና ብለህ በሐሰት አትማል፤ ነፍስህን አትጉዳብኝ» አለች። ስልክ ደወልኩልሽ። ደንበኛዋን ማግኘት አይቻልም የሚለውን ድምፅ ሰማችና «ይኸው፣ የስልኳ ሴትዮም ነገረችህ» ብላ እንደገና ጮኸች። ቄስ ኪዳነ ማርያምን ለብቻቸው ወስጄ ነገርኳቸው። እሳቸው አመኑኝ፤ ቀኖናም ሰጡኝ። ገብተው ሲነግሯት ግን «አባቴ፣ እርስዎም ለእኔ አዝነው ነው። የእኔ ቂርቆስ እኮ በእህቱ እንዲህ ያለ ነገር የሚያወጣ ልጅ አይደለም» አለቻቸው። እታለም፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ አላበቃም። ኅዳር 18 ቀን ወደ ፍኖተ ሰላሙ ትርኢት ሄድኩ። ተናግሬ ልገላገል ነበር የሄድኩት። ሰዉ መርከቡን ከቦ ያደንቃል። ልጆቹ «ለአምለሰት» ብለው ሕዝቡን አንድ ደቂቃ በዝምታ አስቆሙት። እኔም ከፊት ቆሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ደቂቃዋ እስክታልቅ ቆጠርኩ። በማግስቱ ግን ለፍሬሕይወት ነገርኳት። መጀመሪያ ያለችው «እሰይ፣ እንኳን አልሞተች» ነው። ቀጥላ «ቀለሙ ተላጠብኝ ብትለኝ እኮ አብሬህ እፍቅ ነበር» አለችኝ። ስምሽን ላጠፋው ቲነርና ጨርቅ ይዤ ነበር፤ ከለከለችኝ። «መጀመሪያ ለልጆቹ ራስህ ንገራቸው» አለች። ነገርኳቸው። አንዷ ሳቀች፤ የቀሩት ወለል ወለሉን አዩ። ወንዳወቅ ከሰማ ወዲህ ሥራ አልከለከለኝም፣ ሰላምታዬን ግን አይመልስም። እፈርድበታለሁ? አልፈርድበትም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ነይ። እማ መሞትሽን ካወራሁበት ቀን ቆጥራ ታኅሣሥ 11 ቀን አርባሽን ልታወጣ ነው። ጾም ስለሆነ ሽንብራና ባቄላ አስከክታለች፤ ጌሾም አስወቅጣለች። እህል አይወርድላትም፤ መቀነቷ በፊት ሁለት ጊዜ ይዞራት የነበረው አሁን ሦስት ጊዜ ይዞራታል። ያ ድግስ ከተበላ በኋላ ማንም ከልቧ አያወጣውም ብዬ እፈራለሁ። ደብዳቤ ብቻ እንዳትልኪ፤ ዲያቆን ቢያነብላት እኔ ያስጻፍኩት ነው የሚመስላት። በስልክ ብታገኚአትም የሌላ ሴት ድምፅ ነው ትላለች። በአካል መጥተሽ ፊትሽን ትይ። ፈቃድ የሚሰጥሽ አለቃ ምክንያቱን ቢጠይቅሽ እውነቱን ንገሪው። እዚህ ለሁሉም ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ አንድ ሰው ቢጨመር አልጎዳም። ስትመጪ ግን በድንገት እንዳትገቢባት፣ ልቧን እንዳይመታት። ማንኩሳ ስትደርሺ ለማሚቱ ደውዪላት፤ ቄስ ኪዳነ ማርያም ቀድመው ገብተው ያሰናዷታል። እኔ ከግቢው ውጭ እቆማለሁ። ይቅርታሽን በወረቀት አልጠይቅም፤ እሱን ፊትሽን ካየሁ በኋላ፣ መሬት ወድቄ ነው የምጠይቅሽ።

ማሚቱ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች። እኔን ካኮረፈችኝ ሰንብታለች፤ ይህንን የነገረችኝም ለአንቺ ብላ ነው። «አራስ ጥላም ቢሆን ትምጣ በልልኝ» ብላለች። ቄስ ኪዳነ ማርያም እግዚአብሔር በሰላም ያግባሽ ይላሉ። ፍሬሕይወትም ሳታውቂያት ሰላም ብላሻለች። እማን እንደ ልማዴ ወረቀቱን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ለአምለሰት እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልሽ?» አልኳት። «ለሙት ሰላምታ አይላክም፣ ልጄ» አለችኝ። ስለዚህ የእሷን ሰላምታ አልጻፍኩልሽም። ራስሽ መጥተሽ ተቀበያት።

ወንድምሽ ቂርቆስ

ማንኩሳ
ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.