ድመት በሌለበት ቤት የድመት ምግብ

ጎርዲ፣
ሥራ ሄጃለሁ። ማካሮኒው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድመታችን ከሞተች አራት ወር ሆናት። ቅዳሜ የገዛኸው የድመት ምግብ ግን ተጋምሷል። አንተ ነህ የምትበላው?

የጓሮው ደረጃ ላይ የራኩን፣ የዚያ ሌሊት ቆሻሻ የሚበረብር የዱር እንስሳ፣ ዱካ አየሁ፤ አምስት ጣት፣ ልክ እንደ ሕፃን እጅ። የቆሻሻ በርሜሉን ነፋስ ከፈተው ያልከኝ ሰውዬ፣ ነፋስ ጣት አለው እንዴ?

ጣሪያ ሠሪው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ራኩኗ የምትገባበትን የጣሪያ ቀዳዳ ይደፍናል። ሳልነግርህ ጠራሁት፤ ሳልነግርህ መጥራቴ ልክ አልነበረም።

ኮርኒሱ ውስጥ ወልዳ ከሆነ፣ ሰውየው ሚስማር ሳይመታ ንገረው። ልጆቿ እዚያው ተዘግቶባቸው ይቀራሉ። መውለድ አለመውለዷን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

እኔን ብትዋሸኝ ግድ የለም። ጣሪያ ሠሪውን ግን ዛሬ አትዋሸው።

ዳርሊን