ለኩኝ፣ ላኩኝ

ውድ ጋሼ፣

ለሚስቴ የላክህላትን ደብዳቤ በአንድ ትንፋሽ አነበብኩት። እሺ፣ በአንድ ትንፋሽ እንኳ አይደለም፤ እስከ ሦስተኛው መስመር በአንድ ትንፋሽ፣ የቀረውን ምሳ በልቼ። ግን አነበብኩት። ፖስታው ላይ የእሷን ስም ብቻ የጻፍክበትን ደብዳቤ፣ እኔ ልብስ ሰፊው ወንድምህ ከሰላምታው እስከ ፊርማህ ዘለቅሁት። ፊርማህ ብቻ አልተነበበልኝም፤ እሱን ደግሞ የተማረም አያነበው።

የሰው ፖስታ መክፈት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን የእጅ ጽሑፍህን ሳይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃልህን ያለ አፍህ ልሰማ ነው አልኩና እጄ መታገሥ አቃተው።

ምን እንዳልክ ላስታውስህ? «ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ። እሱ እኔ ጋ ይቆይ። ቤቴ አጠገብ ባዶ ክፍል አለ፤ የስፌት መኪናውን አስገብቶ ይሰፋል። ባሕር ማዶ ይዘሽው ከሄድሽ ሸክም ይሆንብሻል። ሰው ሲስቅበት ታያለሽ።»

«ሸክም» የምትለዋን ደጋግሜ ቆጠርኳት። ሦስት ፊደል ብቻ ናት። ለሦስት ፊደል ክብደቷ ለጉድ ነው።

ሚስቴ ከክሊኒክ ስትመለስ ፖስታውን መልሼ አሽጌ ጠበቅኋት። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ እንደቆመች አነበበችው።

«ምን ይላል ጋሼ?» አልኳት፣ ክር መርፌ ውስጥ እያስገባሁ።

«ምንም። ሰላምታ ነው። ሁላችሁም እንዴት ናችሁ ብሏል።»

«ሸክም የምትለዋ ጋ ሲደርስ ሰላምታው ትንሽ አልከበደም?»

ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «አንተ! አንብበኸዋል?»

«ሁሉንም አይደለም። ‹እንደሚታወቀው› የምትለዋን ዘልያታለሁ። የሚታወቅ ከሆነ ምን አለፋኝ?»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ተበላሸ። «ስማ» አለችኝ፣ «አንተ ካልሄድክ እኔም ከዚህ ቤት እግሬን አላነሳም። ለወንድምህ ንገርልኝ።» ይኸው ነገርኩህ።

ጋሼ፣ አንተና እኔ አንድም ቀን ያላነሳነው ነገር አለ። አባታችን ዓይኑ ደክሞ የመርፌ ቀዳዳ ሲጠፋው ከሁለታችን አንዳችን መኪናው ላይ መቀመጥ ነበረብን። አንተ ከክፍልህ አንደኛ ነበርክ፤ እኔ ገና ደብተር የተገዛልኝ ነበርኩ። «እኔ ትምህርት አልወድም» አልኩ። ሁሉም አመነኝ፤ አንተም ቶሎ አመንከኝ። ያን ደብተር ገጹን ቀዳድጄ ለልብስ ንድፍ ተጠቀምኩበት። ከዚያ በኋላ የመንገዱን ታፔላም፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥም፣ መጽሐፍ ቅዱሱንም አንተ አነበብክልኝ። ውለታህን አልካድኩም። አንተ ግን ማንበብህ እኔ ስላልተማርኩ የመጣ መሆኑን ረስተህ፣ እኔ አለመማሬን ከተፈጥሮዬ ቆጠርከው።

የዛሬ ዓመቱን ስብሰባ ደግሞ እንደማትረሳው አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ሚስቴን በአዋላጅነቷ፣ እኔን በስፌት አስተማሪነት፣ ሁለቱን ልጆቻችንን በልጅነታቸው ባሕር ማዶ ለወንጌል ሥራ ልትልከን ያሰበች ጊዜ። የኮሚቴው ጸሐፊ አንተ ነበርክ። ቅጹ ላይ ባልም ሚስትም በገዛ እጃቸው አንድ ቃል ይጻፉ ተባለ። ሚስቴ ገጹን ሞላችው። እኔ ልጄ በእርሳስ ያሳየችኝን ሦስት ፊደል ሳላውቃቸው ገለበጥኩ፦ «ላኩኝ»። ማለትም «ላኩኝ» ያልኩ መስሎኝ ነበር። «ላ» ቀኝ እግሯ ረዘም ማለት እንዳለበት ማን ነገረኝ! ሁለቱን እግር እኩል አድርጌ፣ ደስ የሚል «ለ» ሠርቼላት አረፍኩ። ዕድሜ ልኬን የሰው ሱሪ ሳሳጥርና ሳስረዝም የኖርኩ ሰው፣ የአንዲት ፊደል እግር አጥሮብኝ ተዋረድኩ።

አንተም ቅጹን አነሳህና ለሁሉም አነበብክ። «ባልየው ‹ለኩኝ› ይላል። ወገኖቼ፣ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነውና ጌታ ሜትር ይዞ የሚመጣ መስሎታል።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከአንገቴ ላይ ሜትሬን መዝዤ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊትህ ወረወርኩትና «እንግዲያው ለካኛ! ከየትኛው ላይ ነው የጎደልኩት?» አልኩህ። ሰብሳቢያችን፣ ጡረታ የወጡት ፋርማሲስት፣ መነጽራቸውን አውልቀው «ማንበብ ሲችል ይምጣ፤ ቤተሰቡን አንለያይም» አሉ። አንተ «ዘጠኝ ዓመትም አይበቃው» አልክ። ብዙም ሳይቆይ በርእሰ መምህርነት ተሹመህ ሌላ ከተማ ሄድክ።

ዘጠኝ ወር በቃኝ ጋሼ። ማታ ማታ በጎልማሶች የፊደል ክፍል የምታስተምረኝ ልጅ ዩኒፎርሟን ሦስት ዓመት የሰፋሁላት ናት። የመጀመሪያው ቀን «አባባ፣ ጠመኔውን እንደ መቀስ አይያዙት» አለችኝ። «አንቺም ቀሚስሽን እንደ ከረጢት አትልበሺው» አልኳት፤ ተስማማን። «ላ»ን ስታስተምረኝ «እግሯን ያስረዝሟት» ብትል፣ «ይህንንማ ከእናትሽ ጋ ስትመጪ ስሠራው አልነበር?» ብያት ክፍሉ ሳቀ። ያ ሳቅ አላመመኝም። አብረውኝ የተቀመጡት ሁሉ እንደኔ ፊደል ያጠረባቸው ነበሩ።

ባለፈው ወር ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ሰብሳቢው አንድ ገጽ ሰጡኝ፤ ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስሄድኩ፣ ልክ ጠርዝ እንደምሰፋው ቀስ ብዬ አነበብኩ። ሁለት ቦታ ተደናቀፍኩ። ሲያልቅ ያን አሮጌ ቅጽ አወጡና «ይቺን እናስተካክላት?» አሉኝ።

«ትቆይ» አልኳቸው። «ለኩኝ አልኩ፤ ለካችሁኝ። አሁን ላኩኝ።»

ላኩን። የምንሄደው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ሰው ይስቅብሃል ነው የምትለው? ይሳቅ! ልጄ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በፈረንጅ ፊደል ወረቀት ለጥፋበታለች፤ በሩ፣ ወንበሩ፣ የእኔም መኪና ስም አላቸው። ፊደላቸው ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? ሃያ ስድስት! ከሁለት መቶ በላይ የጨረሰን ሰው በሃያ ስድስት ልታስፈራራ ነው? ደግሞም እኔ ያመንኩት ሳላነብ ነው። ሰው ሊለካ እጁን ዘርግቶ ሲቆም የልቡን ያወራል። ስፒል አፌ ውስጥ ይዤ የጸለይኩላቸውን ሰዎች ብነግርህ፣ ከአንተ የእሑድ ክፍል ተማሪዎች ይበዛሉ። ይኼ ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው።

መጀመሪያ የሳቀብኝ ደግሞ የባሕር ማዶ ሰው አልነበረም፤ አንተ ነህ ጋሼ።

የመኪናዬን ራስ ከእግሩ ፈትቼ በብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ። ባዶውን ክፍልህን አከራየው። አውቶቡሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሁለት ሰዓት ይነሣል። ከመጣህ ደስ ይለኛል፤ እጅህን ጭነህ ብትመርቀኝ ደግሞ እንደ ልጅ አለቅሳለሁ። ካልመጣህም በሁለት ሰዓት ይነሣል።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ አንተ እዚያ ስለነበርክ ማታለል አልችልም። ይህን ደብዳቤ ግን እስከዚህ ድረስ ልጆቼ አንብበውታል፤ እነሱ ሜትሩን ስወረውር በጣም ወደዱኝ። አልወረወርኩም። ሜትሩ አንገቴ ላይ ነበር፤ እጄም ነክቶት ነበር። ያን ንግግር ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ኪስ ስሰፋ ነው። ያን ቀን ሲስቁ አብሬ ሳቅኩ፤ አንተ «ቁጭ በል» ስትለኝ «እሺ ጋሼ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ያልኩህ እሱን ነው። አሁን ግን መጻፍ እችላለሁና ሌላውን ጻፍኩልህ፦

እምቢ፣ ጋሼ።

የሚወድህ ወንድምህ፣
ልብስ ሰፊው